«ትሬይን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ ሁርሶ የሚባል ስፍራ አለ። ቀድሞ በባቡር ጣቢያነቱ ይጠራ የነበረው ይህ ስፍራ ኋላ በወታደር ማሠልጠኛነቱ ታውቋል። እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ስለ ሁርሶ በዚያ ቋንቋ ሊጽፍ ቢነሣ ለባቡሩም ለሥልጠናውም የሚያገኘው ቃል አንድ ነው፤ እርሱም «ትሬይን» ነው። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ደግሞ የንጉሥ አጃቢ፣ የቀሚስ ዘርፍ፣ ለማቀጣጠያ የተነሰነሰ የባሩድ መሥመር፣ የሐሳብ ተከታታይነት፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ሥር ተደርድረው ያገኛቸዋል። ተማሪው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ነቀፋው የሚገባው በተማሪዎች እጅ ለሚገኘው ለትንሹ መዝገበ ቃላት ነው፤ ፍቺዎቹን በቍጥር ይደረድራል እንጂ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደ ተወለደ አይናገርምና።

ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን የሥሩ ፍቺ መሳብ፣ መጎተት ነው። ይህ ከታወቀ ጨለማው ይገፈፋል። በምድር ላይ የሚጎተተው የልብስ ጫፍ፣ ከጌታው ኋላ የሚከተለው ጭፍራ፣ በአንድ መኪና ኃይል የሚሳበው የፉርጎ ተርታ፣ ሁሉም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ማሠልጠንም ቢሆን ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ አትክልተኛ ለጋውን ሐረግ እየሳበ ወደ ወደደው መልክ እንደሚመራው ሁሉ ሰውንም እንዲሁ መምራት ማለት ነው። የባቡሩ ፍቺ ግን ከታናናሾቹ ወገን ነው፤ የተጨመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነውና።

ታናሹን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ በ1611 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ነቢዩ ባየው መቅደስ ይህ ቃል አለ፤ በመጀመሪያ ነገሥት ምዕራፍ 10 ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ስትመጣም አለ። በመጀመሪያው የልብስ ዘርፍ፣ በሁለተኛው ጓዝና አጃቢ ነው፤ ለባቡሩስ በሁለቱም ስፍራ ሐዲድ የለውም። የኢሳይያሱ ነገር ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። ዕብራይስጡ ዘርፍ ሲል ግሪኩ ክብር ይላል፤ ብሉይ ኪዳን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክ መሆኑን የሚያውቅ ካህን ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ አይጠፋውም። በእንግሊዝኛው ብቻ ተመርቶ የሚተረጕም ሰው ግን ጥያቄ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ሐዲዱ በ1895 ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ «ባቡር» ያለው የፈረንጆቹን የእንፋሎት ስም በዐረብ አፍ ተቀብሎ ነው። እንግሊዝ በመሳቡ የሰየመውን አማራ በእንፋሎቱ ሰየመው። የእህል ወፍጮውም ባቡር ተባለ። እነሆ ከ2009 ወዲህ በአዲሱ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሄደውም፣ አንዲት ጢስ ሳይኖረው፣ ባቡር መባሉ አልቀረም። «ሠለጠነ» የሚለው ግስም እንዲሁ ነው። የካህኑ ሥልጣን፣ የከተማው ሥልጣኔ፣ የሁርሶው ወታደር ሥልጠና ከዚሁ አንድ ግስ ይወጣሉ፤ አገሬውም ሳይደናገር እያንዳንዱን በየቦታው ይናገራል።

ሥርን መከተል ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ሥራ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ከዕረፍታቸው በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓመተ ምሕረት ያሳተሙት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ግሱን በራስ አቁሞ ዘሩን ከበታቹ ያሰልፋል። ለእንግሊዝኛ ተማሪ የሚዘጋጀው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ቢይዝ ኖሮ በ«ትሬይን» ራስ ላይ «ሳበ፣ ጎተተ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ዘርፉም፣ ጓዙም፣ ሥልጠናውም፣ ባቡሩም በየልደታቸው ተራ ከኋላው ይከተሉ ነበር።