ከአቮካዶው ሥር ያለችው በርጩማ

«የት ነው የምትቀመጡት?» ዋይፋይ ግቢ ድረስ እንዳደርስ ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ነው የምንፈልገው» ይሆናል። ሁሉም ቦታ የሚቀመጥ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ድሪሉን ቦርሳ ውስጥ ትቼ ግቢውን እዞራለሁ። ሣሩ ተረግጦ ያለቀበት፣ በርጩማ የቀረበት፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ የሚያርፍበት ጥግ አይጠፋም። የዘበኛው ወንበር ደግሞ ስልኩ ትንሽም ቢሆን ከሚይዝለት ቦታ አይርቅም፤ ማንም ሳያሳየው ያገኘው ቦታ ነው።

ኮተቤ ያለ አንድ ግቢ ላይ ግን ዙሪያውን ሳልጨርስ ነው ሥራ የጀመርኩት። ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ፣ በመካከላቸው ቅርንጫፉ የተንዘረፈፈ አቮካዶ። እማማ ከአቮካዶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዱባይ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። «ፊቷ ደርቆ ይቀራል። ድምጿ ብቻ ይመጣል፤ አንዳንዴ እሱም የለም» አሉኝ። ወሩ ጥር ነበር። ሰርቪሱ መስኮት ላይ ሪፒተር ሰካሁ፣ ቪዲዮው ተከፈተ፣ ተመረቅኩ፣ ሄድኩ።

ሐምሌ ላይ ደወሉ። «ልጄ፣ ያ የሰካኸው ነገር ዝናብ ይፈራል።»

ሳቅኩ። ግን እውነታቸውን ነበር። ጥር ላይ ሪፒተሩ ጋ ከራውተሩ የሚደርሰው ሲግናል ነጌቲቭ 68 ዲቢኤም ነበር፤ ለቪዲዮ የሚበቃ። ሐምሌ ላይ ስለካው ነጌቲቭ 81 ሆኖ ጠበቀኝ። 3 በቀነሰ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፤ 13 ሲቀንስ የሚተርፈው ከ20 እጅ 1 እጅ ብቻ ነው። ጥር ላይ ደረቅ የነበረው ቅጠል አሁን ውሃ ተሸክሟል፤ ውሃ ደግሞ የዋይፋይን ሞገድ ይውጣል። በበጋ ለክቼ ለክረምት ሰጥቼ ሄጄ ኖሯል።

ሪፒተር የገደል ማሚቶ ነው፤ ያልደረሰውን ድምፅ አይመልስም። ርካሹ ደግሞ በአንድ ሬዲዮ ሰምቶ በዚያው ሬዲዮ ስለሚናገር ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላዋል። ሰዎች ኔትወርክ የጠፋበት ቦታ ላይ ይሰኩትና «አይሠራም» ይላሉ። መቀመጥ ያለበት ገና በደንብ ከሚሰማበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ሶኬት የለውም።

አንዳንዱ ደንበኛ በቀንድ ብዛት ያምናል። ስድስት አንቴና ያለው ራውተር ገዝቶ ይጠብቀኛል። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ይታያል፤ ቪዲዮው ግን እየዞረ ይቀራል። ዋይፋይ ንግግር ነው፤ ስልኩም መመለስ አለበት። ሞንታርቦ ይዞ ከማዶ የሚጣራ ሰው ለመንደሩ ሁሉ ይሰማል። ማዶ ያለው በባዶ ጉሮሮው ሲመልስለት ግን ባለ ሞንታርቦው ምንም አይሰማም። ስልክ በዚያች ባትሪውና በሽፋኑ ውስጥ በታጠፈች አንቴናው የሚጮኸው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጩኸት ከምጨምር ጆሮውን ማቅረብ ይሻለኛል፤ ጆሮ የሚቀርበው ደግሞ በኬብል ነው።

እማማ ግቢ በሁለተኛው ጉዞዬ 22 ሜትር ኬብል ይዤ ሄድኩ። ሲግናሉ በኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ርቀቱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የኬብሉ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል። ከመግዛቴ በፊት ጫፉን ልጬ አንዷን ሽቦ በቢላ እፍቃለሁ። ውስጧ ነጭ ከሆነ ለሻጩ እመልስለታለሁ፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይገረምም። ሽፋኑ ደግሞ ፀሐይ የሚችለው ጥቁሩ ይሁን። የቤት ውስጡን ግራጫ ኬብል ደጅ ዘርግቼ፣ ዓመት ሳይሞላው እንደ ደረቀ ቆዳ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።

ግድግዳውን የምበሳው ወደ ውጭ ዘቅዝቄ ነው። ኬብሉንም ቀዳዳው ውስጥ ከማስገባቴ በፊት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች አውርጄ እመልሰዋለሁ። ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ይመጣና የታጠፈበት ሆዱ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ይህን የማያደርግ ሰው ውሃውን በገዛ እጁ ሳሎን ያስገባል።

በኬብሉ ጫፍ ዋይፋይ የሚረጨውን የደጁን አክሰስ ፖይንት ሰርቪሱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ በርጩማዋ አድርጌ አሰርኩት። ጣሪያ አናት ላይ አልሰቅልም፤ መብረቅ መጥራት ይሆናል። ክፈፍ ሥር ማሰርም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ መዳብ ቅርብ ከወደቀ መብረቅ ንዝረት ይለቅምና የራውተሩን ሶኬት ያቃጥላል። ርቀቱ ሲበዛ ፋይበር የምመርጠው ለዚህ ነው። የአክሰስ ፖይንቱ ኤሌክትሪክ በዚያው የመዳብ ኬብል ስለሚሄድ ከአቮካዶው ሥር ሶኬት አላስፈለገም። ሳሎን ያለችው ትንሽ ዩፒኤስ ራውተሩንም አክሰስ ፖይንቱንም ስለምትይዝ መብራት ሲሄድ ወሬው አይቋረጥም።

ከዚያ የሳሎኑን ራውተር ኃይል ቀነስኩ። የእማማ ወንድ ልጅ «ከፍለን ትቀንሳለህ?» አለኝ። ስልክ አንዴ የያዘውን ዋይፋይ እስኪሞት አይለቅም፤ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነውም ራሱ ስልኩ ነው። የሳሎኑ ድምፅ ደጅ ድረስ እየተንጠለጠለ ከመጣ፣ ስልኩ ራሱ ላይ ያለውን አዲሱን ትቶ እሱን ያሳድዳል። ልጁ እስኪያምነኝ ድረስ ስልኩን ይዞ ከበረንዳ እስከ አቮካዶ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዱባይ ደወሉ። ምስሉ ጥርት አለ። ልጅቷ ግቢውን ልየው አለች፤ እማማም ስልኩን ከፍ አድርገው ተነሡ። አቮካዶውን አሳዩ፣ ሰርቪሱን አሳዩ፣ ዞረው ከኋላ ወዳለው በቆርቆሮ ወደ ተሠራው ማድ ቤት ገቡ። ቆርቆሮ ለዋይፋይ መስታወት ነው፤ የመጣበትን ይመልሰዋል። ፊቷ ደረቀ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ምስር የምለቅመው እዚህ ነዋ፣ ልጄ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን ኬብል አውጥቼ በክንዴ ለካሁት። 13 ክንድ ነበር።