ጩኸትና ሥርዐት፤ ስለ ጆን ዞርን «ስድስት ምህላዎች ለሄሊዮጋባሉስ»

ጩኸት ሙዚቃ ይሆናልን? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ፥ አንዱ ወገን «ድፍረት ነው» ብሎ ያደንቃል፤ ሌላው «ሁካታ ነው» ብሎ ይንቃል። እኛ ግን ሁለቱም ፍርዶች ሥራውን በሚገባ ከመስማት የሚያድኑ አቋራጮች ይመስሉናል። ስለዚህ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ዞርን፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ያወጣውን ይህን አልበም ለምርመራችን መርጠናል።

ሃርድኮር የሚባለው የሙዚቃ ዐይነት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከተሞች የተነሣ፥ በፍጥነቱ፥ በአጭርነቱና በጩኸቱ የሚታወቅ ነው። ዋና መሣሪያው ጊታር ነው። በዞርን አልበም ውስጥ ግን ጊታር የለም። ማይክ ፓተን በድምፁ፥ ትሬቨር ደን በቤዝ፥ ጆይ ባሮን በከበሮ መሠረቱን ይጥላሉ፤ ጄሚ ሳፍት ኦርጋን ይጫወታል፤ ኢኩዬ ሞሪ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ትጨምራለች፤ ሦስት ሴቶች በኅብረት ይዘምራሉ። ዞርን ራሱ ሳክስፎን ይነፋል፥ ይመራልም። እንግዲህ ጊታር ይሞላው የነበረውን ስፍራ የወረሰው፥ አውሮፓውያን በቤተ ክርስቲያን መስማት የለመዱት ኦርጋን ነው። ይህ ለውጥ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ቁጣው ወደ ጸሎት እንዲያዘነብል ያደርጋል።

ሄሊዮጋባሉስ ከ218 እስከ 222 ዓ.ም. ሮምን የገዛ፥ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው የተገደለ ወጣት ንጉሠ ነገሥት ነው። ወገኖቹ ዛሬ ሆምስ በምትባለው በሶርያዋ ኤሜሳ የፀሐይ አምላክ ካህናት ነበሩ፤ እርሱም ካህን ነበረ። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮድያኖስ፥ ንጉሡ በመሠዊያዎቹ ዙሪያ ሲጨፍር ሴቶች ጽናጽልና ከበሮ ይዘው አብረውት ይጨፍሩ እንደ ነበር ይተርካል። ዞርን ይህን አስቦትም ይሁን ሳያስበው፥ ከበሮውና የሴቶቹ ድምፅ ከርእሱ ጋር ይስማማሉ።

ይሁንና ምህላ ያለ ተቀባይ ምህላ አይሆንም። መሪው ያነሣል፥ ሕዝቡ ይቀበላል። በዚህ ሥራ መሪው ፓተን ትርጉም ያለው ቃል አይናገርም፤ ያቃስታል፥ ያንቋርራል፥ ይጮኻል። የጩኸቱን ትርጉም የሚሰጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ሙዚቀኞቹ በአንድ ምልክት ድንገት ሲያቆሙና እንደገና ሲነሡ፥ ሁካታ የመሰለን ነገር አስቀድሞ የታሰበና የተለካ መሆኑ ይገለጥልናል። ኦርጋኑና ዘማሪዎቹ ከጩኸቱ አጠገብ ሲቆሙም ጩኸቱ ልመና ይሆናል። የአልበሙ ብርታት ከዚህ ላይ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። በአራተኛው ምህላ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው ፓተን ብቻውን ይቀራል። የችሎታውን ስፋት ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የሚመልስለት ሲጠፋ ልመናው ወደ ችሎታ ማሳያነት ይወርዳል፥ እኛም ከምእመንነት ወደ ተመልካችነት እንመለሳለን። «ብቸኝነቱ ራሱ የንጉሡ ዕጣ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። መልካም ክርክር ነው፤ ሆኖም ያን ብቸኝነት የሚነግረን ርእሱ እንጂ ድምፁ አይደለም። ርእሱን ያልሰማ ሰው ከዚያ ክፍል ንጉሡን አያገኘውም።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ጩኸት ሙዚቃ ይሆናል፥ የሚሆነው ግን የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። ከስድስቱ ምህላዎች ብዙዎቹ ይህን ያስመሰክራሉ፤ አራተኛው ደግሞ በጉድለቱ ያስረዳል። ማድነቅም ሆነ መናቅ የሚወድ ሁሉ፥ አስቀድሞ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስማው።