አንድ ሚሊሜትር፦ የአሜሪካ ጋራዥ መጽሐፍ ላፍቶ ላይ ሲነበብ

የመጽሐፉ ርዕስ፦ ቢልድ ዩር ኦውን ሲኤንሲ ማሽን (የራስህን ሲኤንሲ ማሽን ሥራ)
ደራሲዎች፦ ፓትሪክ ሁድ-ዳንኤል እና ጄምስ ፍሎይድ ኬሊ
አሳታሚ፦ ኤፕረስ፣ 2009 እ.ኤ.አ.

የመጽሐፉ ማሽን አካል ሦስት ሩብ ኢንች ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ ይሠራል። ሦስት ሩብ ኢንች ማለት 19.05 ሚሊሜትር ነው። እኛ አዲስ አበባ ላፍቶ ላይ የገዛነው ኤምዲኤፍ ግን 18 ሚሊሜትር ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ በእጅ ቢዳስሱት አይለይም። ሆኖም በሁለት የጎን ሳንቃዎች መካከል በሚገባው ክፍል ላይ ልዩነቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና ከ2 ሚሊሜትር ያልፋል። ያን ጊዜ በንድፉ ልክ የተበሳው ቀዳዳና ብሎኑ አይገናኙም። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት አናጢ ጎረቤቴና እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁራጮች ያበላሸነው በዚህ ምክንያት ነው። መጋዙ ጥፋት አልነበረበትም፤ ያጠፋነው እኛ ነን፣ የሌላ አገር ልኬትን ሳናሰላ እንዳለ ተቀብለን።

መጽሐፉን እንድዳስስ ያነሣሣኝ የዚህ ወጣት ጥያቄ ነው። ሌቡ አካባቢ ባለች ጠባብ የሥራ ቤቱ የቡና ረከቦት፣ የአልጋ ራስጌና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሠራል። ጌጡን ግን ትልቅ ማሽን ያላቸው ቤቶች ዘንድ ወስዶ ያስቆርጣል። ወረፋው ይረዝማል፣ ቀጠሮ ያልፋል፣ ደንበኛ ይቆጣል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጣና «ጋሼ፣ ሲኤንሲ ልግዛ ወይስ ልሥራ? ቁርጡን ይንገሩኝ» አለኝ። ቁርጡን ከመናገሬ በፊት መጽሐፉን ከእሱ ጋር ገጽ በገጽ ማንበብ፣ የተነበበውንም በእጅ መሞከር መረጥኩ።

ሲኤንሲ ራውተር በእጅ የምንይዘውን የእንጨት መቅረጫ ሞተር ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚነዳ ማሽን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ (የብረት መቅረጫ ማሽን) በአሜሪካው ኤምአይቲ ለእይታ የቀረበው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየወረደ ከፋብሪካ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ የሁድ-ዳንኤልና የኬሊ መጽሐፍም የተጻፈው ማሽኑ የቤት ደጃፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ስለ መሣሪያና ዕቃ ይናገራል፤ ቀጥሎ ተንቀሳቃሹ ክፍል ምን ላይ እንደሚሄድና ሳንቃ ከሳንቃ እንዴት እንደሚጋጠም ያስረዳል፤ ወደ ግንባታው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው አንድም ሳንቃ ሳይቆርጥ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውንና የሚያሰናክለውን ያውቃል። የሙያ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከዚህ አካሄድ ብዙ ይማራል።

ተንቀሳቃሹ ክፍል የሚሄድበትን ሐዲድ እንመልከት። ደራሲዎቹ ውድ የፋብሪካ ሐዲድ አያስገዙም፤ የአሉሚኒየም አንግል ጠርዝ ላይ የስኬት ጫማ ኩሽኔታዎች እንዲንከባለሉ ያደርጋሉ። የስኬት ኩሽኔታ 608 የሚባለው ነው፤ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር። ሣሪስ ወይም ጎፋ ያደገ ሰው ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ልጅነቱ ይመጣበታል። ከጋራዥ ለምነን ባመጣነው አሮጌ ኩሽኔታ የእንጨት ጋሪ ሠርተን ቁልቁለቱን ወርደንበታል። ጋሪው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ኩሽኔታዎቹ እኩል መሬት ሲነኩ ብቻ እንደሆነ፣ አንዱ ከተንጠለጠለ ወደ ጎን እንደሚጎትት፣ ጉልበታችን ላይ በቀረው ጠባሳ አውቀነዋል። መጽሐፉ በዚህ እውቀት ላይ የሚጨምረው ኩሽኔታዎቹ ሐዲዱን ከሁለት ወገን ጨብጠው እንዳይፈናፈን እንዲይዙት ማድረግን ነው። ወጣቱ ጎረቤቴ ይህን ያለ ማብራሪያ ተረዳው።

ሁለተኛው ትምህርት ማጋጠሚያው ነው። ደራሲዎቹ ሳንቃን ከሳንቃ በኮላና በምስማር አይዘጉም። በአንደኛው ሳንቃ ውስጥ አግድም የምትገባ፣ ወገቧ ላይ ጥርስ የወጣላት አጭር ክብ ብረት ያስቀምጡና በሌላው ሳንቃ በኩል በሚመጣ ብሎን ይስቧታል። ይህችን ብረት ሰፈራችን ያለ ቶርኖ ቤት በአንድ ከሰዓት ሠርቶ ሰጠን። በዚህ መንገድ የተጋጠመ አካል ቢያዘነብል አላልተው ያቃኑታል፣ ቢበላሽ ፈትተው ይቀይሩታል። በእኔ ንባብ የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ማሽን ሲሠራ የሚፈታበት ቀን አብሮ መታሰብ አለበት።

ድክመቱ የሚጀምረው ማሽኑ የሚቆምበትን አገር ሲያስብ ነው። መጽሐፉ የሚያናግረው ጋራዥ ያለው፣ የጎደለው ዕቃ በቀናት ውስጥ ደጁ የሚደርስለትን አንባቢ ነው። ለእኛ አንድ ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ የሚዞር ሞተር) ማዘዝ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክና ከውጭ የሚመጣ የዘመድ ሻንጣ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ500 ዶላር ዕቃ ከ29 ሺህ ብር ገደማ ተነሥቶ 50 ሺህን ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ «መሥራት ይረክሳል» የሚለው ሐሳብ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ሞተሩ፣ የመቆጣጠሪያው ሰሌዳና የሚነዳው ጥርስ ያለው ዘንግ ገዛነውም ሠራነውም በዶላር የሚመጡ ናቸው። በመሥራት የሚተርፈው ገንዘብ በዋነኝነት ከአካሉ ላይ ነው። ከዚያም ላይ የባከነው ቀንና የተበላሸው ሳንቃ ይቀነሳል።

አካሉም ቢሆን ለእኛ የተመረጠ አይደለም። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲነካው ጠርዙ ያብጣል፤ ነሐሴ ላይ በራችን ሥር የተውነው ቁራጭ በዚያው ወር አብጦ ከብሎኑ ጋር ተጣላ። ብረት ደግሞ ከኤምዲኤፍ ከ50 ጊዜ በላይ ግትር ነው። መቁረጫው እንጨቱን ሲገፋ አካሉ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ከሆነ ጌጡ ይወላገዳል። እኛ ሰፈር በየማዕዘኑ ብየዳ ቤት አለ፤ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ከጥሩ የጠረጴዛ መጋዝ ይበልጥ ቅርባችን ነው። ፕሪንትኤንሲ የሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ ንድፍ መላ አካሉን ከአርኤችኤስ የሚገነባ ነው፣ ሰፈራችንን አይቶ የተነደፈ ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያሻል። የብየዳ ሙቀት ብረትን ይጎትታል፤ ቀጥ ብሎ የገባው ጠምሞ ይወጣል። መድኃኒቱ ከዚሁ ከምንተቸው መጽሐፍ የተማርነው ነው፤ ብረቱንም በብሎን ማጋጠም።

የኤሌክትሮኒክሱ ክፍል በዕድሜ ተጎድቷል። ማሽኑን የሚያናግረው ኮምፒውተር ባለ ፓራለል ፖርት ሲሆን ሶፍትዌሩ ማክ 3 ነው። ዛሬ ያንን መሰኪያ ለማግኘት አሮጌ ኮምፒውተር ማደን ያስፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጂአርቢኤል የሚባል ነፃ ፕሮግራም በአርዱይኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ተጭኖ ያንኑ ሥራ በዩኤስቢ ይሠራል። መርሁ ግን አላረጀም። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚጨርሰው በ200 እርምጃ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለ8 ተከፍሎ ዘንጉ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ ለአንድ ሚሊሜትር 320 እርምጃ ይደርሳል። ይህን ስሌት የገባው ሰው ማንኛውንም ሰሌዳ ማስተካከል ይችላል።

የመብራት ጉዳይም አለ። የመጽሐፉ አገር በ120 ቮልት ይሠራል፣ የእኛ በ220። ከቮልቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው መጥፋቱ ነው። ተራ ስቴፐር ሞተር የት እንደደረሰ አያውቅም፤ የታዘዘውን እርምጃ ብቻ ይቆጥራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ መነሻውን እንደገና ካላሳዩት ቀሪውን ጌጥ ከቦታው አዛብቶ ይቀርጻል። አየሩም ሳስቷል። በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ዐቅማቸው የሚሰላው በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ሞተሩን እስከ ጫፉ አለመጫን ይገባል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ጋራዥ የለውም፤ ማሽኑን ቢያስገባ ብናኙ የሚቀረው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝንም ኤምዲኤፍ ከሚያጣብቀው ሙጫ የሚወጣውን ፎርማልዲሃይድንም ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቧቸዋል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ይህን ማሽን ማስነሣት የለብንም። ብናኝ መሳቢያና ለብቻው የሚዘጋ ክፍል ከማሽኑ እኩል የበጀቱ አካል ናቸው።

መግዛትስ? ገበያው ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው 3018 የሚባለው ትንሽ ማሽን ነው፤ ስሙ እንደሚለው 300 በ180 ሚሊሜትር ይሠራል፣ ለመማሪያ እንጂ ለአልጋ ራስጌ አይበቃም። ሁለተኛው 1325 ነው፤ 1,300 በ2,500 ሚሊሜትር፣ ሙሉ ሳንቃ የሚበላ፣ ብዙውን ጊዜም ባለ ሦስት ፌዝ መብራት የሚጠይቅ የፋብሪካ ማሽን ነው። የመጽሐፉ ማሽን በእነዚህ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፣ ይህም ውለታው ነው። በየወሩ ሙሉ ሳንቃ የሚያስቆርጥ የተረጋገጠ ትእዛዝ ያለው ሰው ግን መሥራት ላይ ጊዜ ማጥፋት የለበትም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 ማሽንን በኪራይ ይዞ መሥራትን በሕግ ፈቅዷል፤ ያን መንገድ ይጠይቅ። በወር አንድ ሁለት ጌጥ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ እንደ እስከዛሬው ፋይሉን ይዞ ሄዶ ቢያስቆርጥ ያዋጣዋል።

ጎረቤቴ ከሁለቱም አይደለም፤ ትእዛዙ መካከለኛ ነው፣ እጁም ብልህ ነው። ሐዲዱን፣ ዘንጉን፣ ሞተሩንና ሰሌዳውን ተገዝተው እንዲመጡ አደረግን። አካሉን ከአርኤችኤስ አስቆርጠን በብሎን አጋጠምን። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያውን የረከቦት ክዳን ቆረጥን፤ ስፋቱ 300 ሚሊሜትር የሆነ ክብ። በ6 ሚሊሜትር መቁረጫ በሦስት ዙር ወረድን። ክቡ ሲወጣ ዓይን የሚሞላ ነበር። ወጣቱ ግን አውራ ጣቱን በጠርዙ ዙሪያ አንሸራተተና አራት ቦታ ላይ ቆመ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ። በእነዚህ አራት ነጥቦች ላይ ማሽኑ አቅጣጫውን ይገለብጣል። በዘንጉና በዳዶው መካከል ትንሽ ክፍተት ካለ ሞተሩ ዞሮ ተንቀሳቃሹ ክፍል ለቅጽበት ይዘገያል፣ ክቡም እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለማንም አልደወለም። ዳዶውን ራሱ ነበር የገጠመው፤ አላላው፣ ሩብ ዙር አጠበቀው፣ ሌላ ክብ ቆረጠ። አውራ ጣቱ በሁለተኛው ክብ ላይ ሳይቆም ዞረ።

ስለ መጽሐፉ የምሰጠው ፍርድ ከዚያ አውራ ጣት የመጣ ነው። እንደ ንድፍ አርጅቷል፤ ሳንቃው፣ መሰኪያውና ኢንቹ የእኛ አይደሉም፣ እንዳለ ተከትሎ የሚሠራ ሰው ይጎዳል። እንደ መምህር ግን አንደኛ ነው፤ ማሽንን ሳይፈሩ መፍታትን ያስተምራል። እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ ኮሌጆቻችን በሚሊሜትር፣ በአርኤችኤስና በ220 ቮልት ተዘጋጅቶ በአማርኛ የተጻፈ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ ብዙ የሥራ ቤቶች ከወረፋ ይወጣሉ።

ለጎረቤቴም የጠየቀኝን ቁርጥ ነግሬዋለሁ፤ ከዋጋው በፊት ማሽኑ የሚቆምበትን ቀን አስብ። ያን ቀን የሚያስነሣው ሰው ከጎንህ ካለ ግዛ፤ ከሌለ ያ ሰው አንተ ራስህ እስክትሆን ድረስ ሥራ። ስትሠራም ንድፉን ከማመንህ በፊት ሳንቃህን ለካ።