የጨርቅ ጉንጉንና የገና ቤት፤ ስለ አንድ እንግዳ ጌጥ የቀረበ ሒስ

በገና ሰሞን በአዲስ አበባ በሆቴሎችና በሱቆች በር ላይ ክብ ጉንጉን ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ጉንጉኑን ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ ከጨርቅ ቅዳጅ በቤት መሥራት ይሻላል የሚል አሳብ ይቀርባል። በዚህ አሳብ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ነገሩ የባዕድ ስለ ሆነ ከገና ቤት ይውጣ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ጉንጉን በጎጃም የታወቀ ነውና የአገር ልማድ መታደስ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱም የተመለከቱት መልኩን እንጂ ሥራውን አይደለም። ይህንንም ለመመርመር የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ግንደ ወይንን፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል ካለው አገር ጋር፣ መነሻ እናደርጋለን። ጥያቄውም፣ የጨርቅ ጉንጉን ወደዚያ አገር ቤት ቢገባ ምን ይገጥመዋል? የሚል ነው።

የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ ደካማ ነው። «ገና» የሚለው ስም ራሱ ልደት ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል እንደ መጣ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ሆኖም ዛሬ ገናን ባዕድ ነው የሚል የለም። ጉንጉኑም ቢሆን በተወለደበት አገር ምክንያት ነበረው። በሰሜን አውሮፓ ክረምት ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ስለሚያረግፍ፣ የማይረግፈው ቅጠል የተስፋ ምልክት ሆነ። በ1839 እ.ኤ.አ. ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን የተባለው የሃምቡርግ ሰባኪ፣ ለሚያሳድጋቸው ድኾች ልጆች እስከ ልደት ያለውን ቀን እንዲቈጥሩበት በጋሪ መንኰራኵር ላይ ሻማ እንደ ተከለ ይነገራል። እንግዲህ ጉንጉኑ እዚያ አንድ የሚሠራው ሥራ ነበረው። ሊጠየቅ የሚገባው ከየት መጣ ሳይሆን፣ እዚህ ምን ይሠራል? ነው።

ሁለተኛው ወገን የሚጠራው ምስክር እንግጫ ነው። በጎጃም፣ ዓመት ሲለወጥ፣ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ የተባለውን ሣር ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያደርጉታል፤ በቤቱ ምሰሶ ላይም ያስሩታል። ወላጆችም ይመርቋቸዋል። ይህ ልማድ ከበር ጉንጉን ጋር በክብነቱ ቢመሳሰልም በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ጊዜው መስከረም እንጂ ታኅሣሥ አይደለም፤ አደይ በገና አይገኝም። ሁለተኛ፣ እንግጫ ስጦታ ነው፤ ልጅ ለወላጅ ያበረክተዋል፣ ወላጅም በምርቃት ይመልሰዋል። የበር ጉንጉን ግን ለአላፊ አግዳሚ የሚታይ እንጂ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ሦስተኛ፣ እንግጫ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እንደ ገና ወደ መስክ መውጣት ግድ ይሆናል። የጨርቁ ጉንጉን በሣጥን ተቀምጦ ለከርሞ ይወጣል። የማይደርቅ እንግጫ ልጃገረዶችን ከመስክ የሚያስቀር እንግጫ ነው።

በዚህ ላይ የስሙ ጉዳይ ይጨመራል። «የአበባ ጉንጉን» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ይበልጥ የሚታወቀው በመታሰቢያ ሐውልት ሥርዓት ነው፤ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን፣ በ1929 ዓ.ም. ለተፈጁት ሰማዕታት በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የሚቀመጠው ይኸው ነው። ክብ ቅርጽም በሃይማኖቱ ዓመት የራሱ ቀን አለው፤ በሆሣዕና ሕዝቡ ዘንባባ እየታጠፈ በጣቱና በግንባሩ ያስራል። ስለዚህ በልደት ቀን በር ላይ የሚሰቀለው ክብ ነገር ባዶ ቦታ ላይ አይመጣም፤ ከኀዘኑም ከሆሣዕናውም ትርጉም ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ጉንጉኑ የሚሠራው ጨርቁን በቀጭኑ ቀዶ በሽቦ ቀለበት ዙሪያ በመቋጠር ነው፤ መርፌ አያሻውም። የቀለበቱ ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 94 ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ቋጠሮ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢይዝ 190 ያህል ቅዳጅ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ቅዳጅ ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሁሉም በጠቅላላው ከአንድ ካሬ ሜትር ጥቂት የሚያንስ ጨርቅ ይፈጃል። ይህን ያህል ቅዳጅ ከወዴት ይገኛል? ሸማ ከድርና ከማግ በልኩ ተሠርቶ ከሸማኔው እጅ ይወጣል፤ ቢቈረጥም ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋል እንጂ ቅዳጅ አይተርፈውም። ቅዳጅ የሚተርፈው ከልብስ ሰፊው መቀስ ሥር ነው። እንግዲህ የጨርቅ ጉንጉን የእንዝርትና የመወርወሪያ ልጅ ሳይሆን የመቀስና የስፌት መኪና ልጅ ነው። «የቤት ሥራ» መባሉ ብቻ የአገር ሥራ አያደርገውም።

ያረጀው ልብስስ? እርሱም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ያለቀው ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ቀጥሎ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ በመጨረሻም በክብ ተጠምጥሞ ታቹ ክብ የሆነው እንስራ የሚቀመጥበት ማቶት ይሆናል። ጨርቅን በቀለበት መልክ የመጠምጠም ጥበብ፣ እንግዲህ፣ ለግንደ ወይን እናቶች እንግዳ አይደለም። እንግዳው፣ ማቶት ተሸካሚ ሲሆን ጉንጉኑ ምንም ነገር አለመሸከሙ ነው።

ሆኖም ጨርቅ ከገና ቤት ይባረር ማለታችን አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ለእረኞች የተሰጣቸው ምልክት ቅጠልም ዛፍም አልነበረም፤ በመጠቅለያ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር። ስለዚህ በልደት በዓል ጨርቅ ከጥድም ከቀጤማም ያላነሰ መብት አለው። በቤት ካረጀ ልብስ ተሠርቶ፣ ከበር ይልቅ በውስጥ በምሰሶው ላይ ታስሮ፣ ለአያት ወይም ለአራስ የሚበረከት ጉንጉን ቢገኝ፣ ከሱቅ ምስል ቅጂነት አልፎ የራሱ ነገር ያለው ሥራ ይሆናል። የዛሬው የበር ጉንጉን ግን እዚህ አልደረሰም።

ይህ ፍርድ በተለይ ወደ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች ይጠቅማል። እንግጫውንም፣ የሐውልቱንም፣ የበሩንም ጌጥ «ጉንጉን» ብሎ በአንድ ቃል የመዘገበ ሰው ሦስት ልማዶችን በአንድ መቃብር ቀብሯል። ስለዚህ ጌጥ በተገኘ ቍጥር ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ጨርቁ ቀድሞ የማን ልብስ ነበር? የቋጠረው እጅ የማን ነው? በዓሉ ካለፈ በኋላስ የት ይውላል? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት ጌጥ ፎቶግራፉ ቢነሣም ገና አልተጠናም።