ከመለወጥ በፊት መለየት

ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ የምሠራው የቆዩ የአማርኛ ፋይሎችን ወደ ዩኒኮድ የሚያሻግር የሶፍትዌር ላይብረሪ ነው። ከአንኮበር፣ ከጣርማ በርና ከመንዝ የሚመጡት ፋይሎች የይዞታ መዝገብ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ናቸው። ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይታያል፤ ባለቤቶቹም «ተበላሽቷል» ይላሉ። አልተበላሸም። እያንዳንዱ ባይት በቦታው አለ። የጠፋው የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ የሚናገረው ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት መልሶ ማግኘት፣ ማለትም ኢንኮዲንጉን መለየት፣ የሙያችን ዋና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። የቀድሞው ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም የተወሰነው ለኮምፒውተሩ የራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ መነሻውን ፊደል አስቀምጠው ቅጥያውን በሌላ ቁጥር አስከተሉ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ። ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዋና ፎንት «የ» የተቀመጠችው በትንሹ የላቲን ዋይ ቦታ፣ በቁጥር 121 ነው፤ ፓወር ግዕዝ በተባለው ሌላ ፕሮግራም ግን በ190፣ የሦስት ሩብ ምልክት በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቁጥር 75 በመጀመሪያው «ክ» ሲሆን በሁለተኛው «ለ» ነው። የቁጥርና የፊደል ሠንጠረዡን ያሳሳተ መለወጫ የሚያወጣው ጽሑፍ መልኩ ግዕዝ፣ ንባቡ ሐሰት ይሆናል። ከላቲኑ ክምር ይልቅ የምፈራው ይህን ነው፤ ክምሩን ማንም አያምነውም፣ ግዕዝ የለበሰውን ስሕተት ግን ሰው አምኖ ማኅተም ያሳርፍበታል።

ኢንኮዲንግን ለመለየት ዓለም ጥሩ መሣሪያ አለው። የኔትስኬፕ መሐንዲሶች ሻንጂያን ሊ እና ካትሱሂኮ ሞሞይ በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ በሞዚላ አሳሽና በፓይተኑ ቻርዴት ላይብረሪ ውስጥ ገብቷል። ዘዴው ሦስት ነገር ያያል፦ በኢንኮዲንጉ የማይፈቀድ የባይት ቅደም ተከተል መኖር አለመኖሩን፣ የፊደላትን ድግግሞሽ፣ የጥንድ ፊደላትን አካሄድ። ለጃፓንኛና ለሩስኛ ይሠራል። የእኛ ፎንቶች ግን በደንበኛ ኢንኮዲንግነት ስላልተመዘገቡ እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ «የምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ» ብለው ያልፏቸዋል። ለኢትዮጵያ ፊደል ታስቦ የተሠራው የዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት ነው፤ በ1990ዎቹ፣ ገና ዩኒኮድ ሳይደርሰን፣ የፊደላችንን ልዩ ልዩ ኢንኮዲንጎች በአንድ ላይብረሪ ለማገናኘት የተነሣ ሥራ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ከቁጥር 4608 ጀምሮ 384 ቦታ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ጽሑፍ ቤት አገኘ። አሮጌው ግን ደጅ እንደቀረ ነው።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ አስቀድሞ ዩኒኮድ እንዳይሆን አጣራለሁ፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ የተጻፈ የተለመደ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ሲይዝ፣ የመጀመሪያው 225፣ ተከታዩ ከ136 እስከ 141 ያለ ቁጥር ነው። ይህ ከተገኘ ጥርጥር የለም። ቀጥሎ በዎርድ ፋይሉ ውስጥ የፎንቱን ስም እፈልጋለሁ። ጽሑፉ ወደ ተራ ቴክስት ተገልብጦ የፎንቱ ስም ከጠፋ ምስክሩ አማርኛው ራሱ ነው። ቅጥያ ቃል አይጀምርም። «አ»ን «ኢ» የሚያደርገው ቅጥያ በቪዥዋል ግዕዝ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ በፓወር ግዕዝ የእኩል ይሆናል ምልክት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በቃል መካከል ሲደጋገም ፍንጩ ግልጽ ነው። «ነው» ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፤ በቪዥዋል ግዕዝ 110 እና 87፣ በፓወር ግዕዝ 146፣ 168 እና 60 ሆኖ ይመጣል። ከአራት ነጥብ በፊት እነዚህ ቁጥሮች እየተመላለሱ ሲገኙ ከማንኛውም ስታቲስቲክስ ይልቅ አምናቸዋለሁ።

አስቸጋሪው አጭር ጽሑፍ ነው፤ በሠንጠረዥ ሳጥን ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ስም። «ጫጫ» በየትኛውም የፊደል ሠንጠረዥ ቢነበብ ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ ነው፤ ድግግሞሽ ምንም አይነግረንም። የመንዙ «ጓሳ» ደግሞ «ጓ»ን በሁለተኛ ፎንት ካስቀመጠ ፕሮግራም መጥቶ የፎንቱ ስም ከጠፋ፣ ቁጥሩ በመጀመሪያው ፎንት ሌላ ፊደል ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ላይብረሪው በየሳጥኑ መፍረድ የለበትም፤ የመላውን ፋይል ምስክርነት ሰብስቦ ይወስን። ከመልሱም ጋር የእርግጠኝነቱን መጠን ይናገር፤ ካልበቃው «አልታወቀም» ይበል። «መሐል ሜዳ» በሐመሩ «ሐ» ከተጻፈ በዚያው ይውጣ፤ ፊደል ማስተካከል የመለወጫ ሥራ አይደለም። የሚቀየረው የሰው አያት ስም ነው፣ የእርሻ ድንበር ነው፤ አንዲት ፊደል በይዞታ መዝገብ ላይ ስትለወጥ ባለመብቱን ለክርክር ትዳርጋለች።

በየወረዳው የቆዩ ኮምፒውተሮችን የምትጠብቁ ሁሉ፣ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ፋይሉን ብትለውጡትም ኦሪጅናሉን አታጥፉ። የፎንቱን ስምና ፎንቱን ራሱን አብራችሁ አስቀምጡ። የታተመ ቅጂ ካለ ከፋይሉ ጋር አስተያዩት። የጻፉት ጸሐፊዎች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በምን ፕሮግራም ይጽፉ እንደነበር ጠይቁ፤ በደንብ ያልተለየ ፋይል ሳይለወጥ ቢቆይ ይሻላል።