ትምህርት፥ ገንዘብና የፓርቲ ምርጫ

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል በአገራችን ለትምህርት የተሰጠውን ታላቅ ክብር ያሳያል። ነገር ግን ይህ ክብር ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ምሁሩ የሚመርጠው ፓርቲ ሁሉ ትክክል፥ ያልተማረው የሚመርጠው ሁሉ ስሕተት ነው ወደሚል ሐሳብ ያደርሳል። ይህን ሐሳብ ለመመርመር የፈረንሳዩ የኢኮኖሚ ሊቅ ቶማስ ፒኬቲ እ.ኤ.አ. በ2019 «ካፒታልና ርእዮተ ዓለም» በሚል ስም ያሳተመው መጽሐፍ መልካም መነሻ ይሆነናል።

ፒኬቲ በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ መራጮች ከየምርጫው በኋላ ተጠይቀው የሰጡትን መልስ ሰብስቦ፥ የሰው ትምህርትና ገቢ ከመረጠው ፓርቲ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው መረመረ። ያገኘውም ይህ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ለሠራተኛው ቆመናል ለሚሉት፥ ግራ ለሚባሉት ፓርቲዎች ይበልጥ ድምፅ የሚሰጠው ትምህርቱም ገቢውም ዝቅ ያለው ሰው ነበር፤ ሀብታሙና ምሁሩ ግን ወደ ቀኝ ያዘነብሉ ነበር። ከዚያም ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠና በዩኒቨርሲቲ የተማረው ወደ ግራ ሄደ፤ ባለ ብዙ ገንዘቡ በአመዛኙ በቀኝ ቆየ፤ ይህም በአሜሪካ ከ2016 ወዲህ መላላት ጀምሯል። ፒኬቲ ከህንድ የትውልድ መደቦች ስም ወስዶ የመጀመሪያዎቹን «ብራህማን ግራ»፥ ሁለተኛዎቹን «ነጋዴ ቀኝ» ብሎ ሰየማቸው። ብራህማን በህንድ ሥርዓት የካህናትና የሊቃውንት ወገን ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ትምህርትንና ገቢን ለየብቻ መመዘኑ ነው። ብዙ ተምሮ በትንሽ ደመወዝ የሚኖር አስተማሪና ጥቂት ተምሮ ብዙ ያተረፈ ነጋዴ፥ ሁለቱም «የላይኛው ክፍል» ተብለው በአንድ ሲጠሩ እንሰማለን፤ በድምፅ መስጫው ዘንድ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ለዚህ ጸሐፊው ሊመሰገን ይገባል። ያወጣው ስም ግን ያደናግራል። ብራህማንነት ከአባት ወደ ልጅ በትውልድ ብቻ ይተላለፋል፤ ዲግሪን ግን በሩ ጠባብ ቢሆንም የድኻ ልጅም ያገኘዋል። ደግሞም ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ ስለ አንድ ሰው ልብ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ቍጥሩ ማን ማንን እንደ መረጠ ይነግረናል እንጂ ማን በትክክል እንደ መረጠ አይነግረንም። የተማሩት በ1955 አንዱን ወገን፥ በ2015 ተቃራኒውን ከደገፉ፥ ዲግሪ የእውነት ሚዛን ነው ማለት እንዴት ይቻላል? የተለወጡት ፓርቲዎቹ ናቸው የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ነገር ግን ይህ ራሱ ምሁሩም እንደ ማንኛውም ሰው ለኑሮውና ለባልንጀሮቹ የሚስማማውን እንደሚመርጥ ያስረዳል።

የዕውቀት ትዕቢት አንዳንድ ጊዜ ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1861 የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ለተማረ ሰው ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰጠው ብሎ ጻፈ። በዚያው አገር ባለ ዲግሪው በዩኒቨርሲቲው ስም ሁለተኛ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1948 በወጣ ሕግ ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ደቡባዊ ክፍል ደግሞ የንባብና የጽሕፈት ፈተና ጥቁሮች መራጭ ሆነው እንዳይመዘገቡ መከልከያ ሆኖ ኖረ፤ ያገደውም የ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ነው። እነሆ፥ ትምህርት የሰውን መብት መንጠቂያ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከዚህ ይመራል። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም በውጭ አገር ይማሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የተነሡ ነበሩ። መሪዎቻቸው ተመሳሳይ መጻሕፍት አንብበዋል፥ ተመሳሳይ ንግግር ተናግረዋል። ሆኖም በ1969 ዓ.ም. እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ መንግሥቱም በየተራ አጠፋቸው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል ቃል በቃል የተፈጸመበት ዘመን ነበር። ትምህርታቸው እኩል ስለ ሆነ ምርጫቸው አንድ አልሆነም፤ ዕውቀታቸውም ከመገዳደል አላዳናቸውም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ትምህርትን አትናቅ፤ በትምህርትህም ሰውን አትናቅ። እኅቴ ሆይ፥ ይህ ለአንቺም ነው። ጕልት የምትነግደው እናት ስለ እህል ዋጋና ስለ ቤት ኪራይ የምታውቀውን በትምህርት ቤት አልተማርነውም፤ ስለዚህ የእርስዋ ምርጫ ከእኛ ሲለይ ከመሳቅ አስቀድመን ምክንያቷን እንጠይቃት። ራሳችንንም እንጠይቅ፤ ይህን ፓርቲ የመረጥነው መርምረን ነው ወይስ ጓደኞቻችን ሁሉ ስለ መረጡት? የገበሬውና የፕሮፌሰሩ ድምፅ በሣጥኑ ውስጥ እኩል የሚቈጠረው ዕውቀታቸው እኩል ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለቱም በሚወጣው ሕግ የሚተዳደሩ፥ በሚጣለው ግብር የሚከፍሉ፥ ጦርነት ቢነሣም ልጆቻቸውን የሚልኩ ስለ ሆኑ ነው።