ሥዕል አይጎብጥም

በሮቤ ገበያ ስንዴውን ያወረደ ገበሬ፣ ሚዛን እንደሚዋሽ ለማወቅ የግድ መማር የለበትም። የጠረጠረ እንደሆነ ያንኑ ጆንያ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ወስዶ ያስመዝነዋል። ሚዛን አካል ስላለው ይያዛል፤ ብረቱ ይጎብጣል፣ ሞላው ይላላል።

የቁማር ሽክርክሪትም አካል ካለው ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎንዛሎ ጋርሲያ ፔላዮ የተባለ ስፔናዊ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ በአንድ የማድሪድ ካዚኖ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩሌት ውጤቶችን መዘገበ። ኳሷ የምታዘወትራቸውን ቁጥሮች ለየና ብዙ ገንዘብ አሸነፈ። ካዚኖው በሩን ዘጋበት፤ ፍርድ ቤት ግን በ2004 ፈረደለት። ስለዚህ «ይቻላል ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «ተችሏል» ነው።

የኔ ክርክር ከዚህ ወዲያ ነው። በቤቲንግ ቤቶቻችን ስክሪን ላይ «ስፒን» ሲዞር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቁጥር የሚመዘግቡ ወጣቶች አይቻለሁ። «17 ከመጣ ቆየ፣ አሁን ይመጣል» ይባባላሉ። ስፔናዊው ግን ገንዘቡን ያስያዘው ደጋግሞ በመጣው ቁጥር ላይ እንጂ በቀረው ላይ አልነበረም። ደግሞስ እዚያ ስክሪን ውስጥ ምን ጎማ፣ ምን ኳስ አለ? ቁጥሩን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ የሚዞረው ሥዕል ነው። ሥዕል አይጎብጥም። ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል ብንል እንኳ የሚያደላው ለባለቤቱ እንጂ ለእነሱ አይደለም።

እሺ፣ ሽክርክሪቱ እውነተኛ ነው እንበል። 37 ቁጥር ባለው ሩሌት በ3,700 ዙር እያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ 100 ጊዜ ይወጣል። ጤነኛ ሽክርክሪት ላይም አንዱ ቁጥር 120 ጊዜ ቢወጣ አይገርምም፤ ከ37 ልጆች መሀል አንዱ ዘለግ ማለቱ አይቀርም። ታዲያ ስክሪኑ ዳር የተደረደሩት ጥቂት ውጤቶች ምን ሊነግሩን ነው? አንድ ብር ያስያዘ ሲደርሰው 36 ብር ይቀበላል፤ ቁጥሮቹ ግን 37 ናቸው። በዚህች በአንዷ ልዩነት ቤቱ ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ያስቀራል። በትንሹ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ።

የቀን ሠራተኛ ላቡን ያፈሰሰበት ብር በዚህች ቀዳዳ ሲፈስ፣ ቴሌግራም ላይ «ሲስተም አለኝ» እያለ የሚሸጥም አልጠፋም። የሚያሸንፍ ሲስተም ያለው ሰው ግን ምን ቆርጦት ይሸጠዋል?